ዜማውን የወሰደ ስሙንም ይውሰድ

በየአገሩ ያሉ ዘማሪዎችና የሙዚቃ መሣሪያ አዋቂዎች፣ ባሕርና ተራራ ሳይከለክላቸው፣ የአንዱን ሕዝብ ዜማ ከሌላው ሕዝብ ዜማ ጋር አዋሕደው በአንድ መድረክ ሲያሰሙ፣ ሰሚው ገና የመጀመሪያው ድምፅ ከጆሮው ሳይደርስ እጁን ለጭብጨባ ማዘጋጀቱ የዘመናችን ልማድ ሆኗል። ሁለት ባሕሎች ተገናኙ መባሉ ብቻውን እንደ በጎ ሥራ ስለሚቈጠር፣ በዚያ ግንኙነት ማን ከማን ምን እንደ ተማረ፣ ማንስ ለሌላው ልኬት ሲል የራሱን ልኬት እንደ ተወ፣ ስሙ የተጠራውና ስሙ የተዘለለውስ ማን እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ይህ ምርመራ ከጭብጨባው ሊቀድም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ለምስክርነት የምጠራውም የቤንጋልን ምድር ነው፤ ዛሬ ከፊሉ በሕንድ ከፊሉም ባንግላዴሽ በተባለው መንግሥት ሥር ያለው ይህ አገር፣ በመጀመሪያ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ፣ ኋላም ከአሜሪካ የባላገር ዘፈን ጋር መወዳጀት ከጀመረ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታልና።

ቤንጋላዊው ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሕግ አጥንቶ በማዕርግ እንዲመለስ ቤተ ሰቡ ከካልካታ ወደ እንግሊዝ አገር ሰደደው። ትምህርቱን ሳይፈጽም በ1880 ተመለሰ፤ ሆኖም በዚያ አገር የሰማቸውን የስኮትላንድና የአየርላንድ ዜማዎች በልቡናው ጽፎ ነበርና ባዶ እጁን አልተመለሰም። ከዚያም አስቀድሞ፣ የአየርላንዳዊውን ባለቅኔ የቶማስ ሙርን የዜማ መጽሐፍ በአንድ ወዳጁ ዘንድ አይቶ፣ በመጽሐፉ ውስጥ የተሣለውን በገና እየተመለከተ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ በሐሳቡ ያዳምጠው እንደ ነበር በሕይወት ታሪኩ ተርኳል፤ እንግሊዝ አገር ደርሶ እውነተኛውን ዜማ በተማረ ጊዜም፣ ጣፋጭና ኀዘን ያዘለ ሆኖ ቢያገኘውም፣ ከሥዕሉ በገና ይሰማው ከነበረው ዝምተኛ ዜማ ጋር እንዳልተካከለለት ሳይሸሽግ ጽፏል። ይህ ቅንነት በእኔ ዘንድ ትልቅ ዋጋ አለው። የባዕድን ጥበብ ከሩቅ ሆኖ መመኘት አንድ ነገር ነው፣ ቀርቦ መማር ግን ሌላ ነው፤ ከዛሬዎቹ አዋሓጆች ብዙዎቹ ከምኞቱ ሳይወጡ፣ የሥዕሉን በገና ብቻ እያዩ፣ ሥራቸውን ፈጽመው ለገበያ ያወጡታል።

በተመለሰ በዓመቱ፣ በ1881፣ ጆራሳንኮ በተባለው የአባቶቹ ቤት «ባልሚኪ ፕራቲባ» የተሰኘውን በዜማ የሚነገር ተውኔት አቀረበ። ነገሩ የወንበዴዎች አለቃ የነበረው ቫልሚኪ ርኅራኄ ልቡን ነክቶት፣ ዐመፁን ትቶ ባለቅኔ የሆነበትና ኋላም ራማያና የተባለውን ታላቅ ግጥም የደረሰበት ጥንታዊ ትረካ ሲሆን፣ ቫልሚኪን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ታጎር ነበር። በዚህ ተውኔት ውስጥ ወጣቱ ደራሲ ያደረገውን ምርጫ ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ብዙ ይማርበታል፤ ወንበዴዎቹ ካሊ የተባለችውን አምላካቸውን እየጠሩ ለሚፎክሩበት ስፍራ፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በየአፉ የነበረውን «ናንሲ ሊ» የተባለውን የመርከበኛ ዘፈን ሰጣቸው፤ ለመሥዋዕት ተይዛ ለመጣችው ሕፃን የዱር አማልክት ለሚያለቅሱት ልቅሶ ደግሞ ከሙር የአየርላንድ ዜማዎች አንዱን መረጠ። ብዙው የተውኔቱ ዜማ ግን በገዛ አገሩ ራጋ ከተባለው የዜማ ሥርዓት የተቀዳ ነው። እንግዲህ የባዕዱ ዜማ ለጌጥ ወይም ለአዲስነት ሲባል የገባ አይደለም፤ ከነገሩ ባሕርይ ጋር ተመዝኖ፣ የሚስማማው ስፍራ ተፈልጎለት የገባ ነው።

በሚከተለው ዓመት «ካል ምሪጋያ» በተባለው ሌላ ተውኔቱ፣ የስኮትላንዱ ባለቅኔ ሮበርት በርንስ ስለ ዱን ወንዝ ዳርቻ የገጠመበትን ዜማ ወስዶ፣ አበቦችን ስለሚያወዛውዝ ለስላሳ ነፋስ የሚናገር የቤንጋሊ ግጥም አለበሰው፤ በሌላ ጊዜም እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሕዝብ በአዲስ ዓመት መግቢያ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚዘምረውን የድሮ ወዳጅነት መዝሙር፣ ቤንጋላውያን ያለፈውን ዘመን የሚያስታውሱበት ዘፈን አደረገው። እነዚህ ሁለቱ የስኮትላንድ ዜማዎች በአምስት ድምፆች የታነጹ ናቸው። እነዚያው አምስት ድምፆች በሕንድ ቡፓሊ የተባለውን ራጋ፣ በእኛም አገር የሙዚቃ ሊቃውንት ትዝታ ሜጀር የሚሉትን ቅኝት የሚያቆሙ ስለ ሆኑ፣ ዜማው ቤንጋል ሲገባ አገሩ ከጥንት በሚያውቀው ደጅ ገባ፤ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ አድማጭም ከእነዚህ የታጎር ዘፈኖች አንዱን ቃሉን ሳያውቅ ቢሰማው፣ ጆሮው በእንግድነት የሚቀበለው አይመስለኝም።

ታጎር እነዚህን ዜማዎች የወሰደው አገሩን በኃይል ከሚገዛ መንግሥት ምድር እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። የተገዛ ሕዝብ ልጅ የገዢውን ዜማ ሲያነሣ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል፤ አንደኛው እንደ አገልጋይ ሳይለውጥ መድገም፣ ሁለተኛውም በቁጣ አውግዞ መጣል ነው። እርሱ ከሁለቱም ርቆ፣ ዜማውን በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ተማረው፣ ከዚያም በእናት ቋንቋው ትንፋሽ፣ ረጋ ባለ አካሄድ ዘመረው። ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1905 የእንግሊዙ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን ቤንጋልን ለሁለት በከፈለ ጊዜ፣ ታጎር ሕዝቡ በአንድነት የሚዘምረውን መዝሙር ሲጽፍ፣ ዜማውን ያገኘው የቤተ ሰቡ ርስት በነበረችው በሺላይዳሃ ደብዳቤ እየዞረ ያድል ከነበረው ከጋጋን ሃርካራ ነው። በዚህ ጊዜ ባለርስቱ ታጎር፣ ድኻው ደግሞ ዜማ ሰጪው ነበር። የደብዳቤ አዳዩን ዜማ የራሴ ድርሰት ነው ቢል የሚከራከረው አልነበረም፤ እርሱ ግን ምንጩን አልሸሸገም፣ ጋጋን የተከተላቸው፣ ባውሎች የተባሉት ዘማሪ መናኞች ስለ ሰውና ስለ አምላክ የሚያስተምሩትንም በ1930 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር በሊቃውንት ፊት መስክሮላቸዋል። ያ መዝሙር ዛሬ የባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙር ነው፤ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ በዓለም ፊት ሲሰቀል የሚሰማው፣ በገጠር መንገድ ደብዳቤ ተሸክሞ ይመላለስ የነበረ ሰው ዜማ ነው። ደካማ በነበረበት ጊዜም ብርቱ በሆነበት ጊዜም ታጎር የተማሪነትን ጠባይ አልለወጠም፤ ስለ ሁለት ባሕሎች ውሕደት የምመዝንበትን ሚዛን ያገኘሁት ከዚህ ነው።

ጋጋን የተከተለው የባውሎች መንገድ ለብዙው አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ልግለጸው። ባውሎች ከሂንዱም ከእስላምም ወገን የሚወጡ፣ የቤተ ጣዖቱንና የመስጊዱን ሥርዓት አልፈው አምላክን በሰው ሥጋና ልብ ውስጥ የሚሹ፣ የዘር መደብን የማይቀበሉ፣ ብዙዎቹም በምጽዋት የሚኖሩ ዘማሪ መናኞች ናቸው። ኤክታራ የተባለው መሣሪያቸው ከቅል፣ ከተሰነጠቀ ቀርከሃና ከአንድ ክር ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ ዘማሪው በአንድ እጁ ጣት ክሩን እየነካ፣ በሌላው እጁ ከበሮ እየመታ፣ እግሩንም በቃጭል አስጊጦ ይዘምራል። ግጥማቸው እንደ ቅኔያችን ሰምና ወርቅ አለው፤ ስለ ወፍና ስለ ጎጆዋ፣ ስለ ጀልባና ስለ ወንዝ የሚናገር መስሎ፣ ምሥጢሩን መምህሩ ላስተማረው ደቀ መዝሙር ብቻ ይገልጣል። ከእነርሱ መካከል ከሁሉ የሚከበረው ላሎን በ1890 በኩሽቲያ አጠገብ አርፏል፤ በመቃብሩም ዘንድ እስከ ዛሬ ዘማሪዎች ይሰበሰባሉ። ዩኔስኮ በ2005 ይህን ዝማሬ ከሰው ልጆች የቃል ቅርሶች መካከል አድርጎ ዐውጆታል።

አሜሪካኖች ከባውሎች ጋር የተዋወቁበት መንገድ በታጎር ሚዛን ሲመዘን ግማሹ ይከብዳል፣ ግማሹ ይቀላል። ባለቅኔው አለን ጊንስበርግ በ1962ና በ1963 በሕንድ ሲዘዋወር ናባኒ ዳስ የተባለውን ሽማግሌ ባውል አግኝቶ ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1967፣ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቦብ ዲላን ሥራ አስኪያጅ የነበረው አልበርት ግሮስማን የናባኒን ልጆች ፑርና ዳስንና ላክስማን ዳስን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ አስመጥቶ ውድስቶክ አጠገብ በነበረው ስፍራው አስቀመጣቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ የወጣውን «ጆን ዌስሊ ሃርዲንግ» የተባለውን የዲላንን ሸክላ ያየ ሁሉ እነዚህን ወንድማማቾች አይቷል፤ በሽፋኑ ላይ ዲላን በሁለቱ መካከል ቆሟልና። ሸክላውን ያዳመጠ ግን አንዲት የባውል ድምፅ አላገኘም። የዘማሪዎቹ መልክ በመላው ዓለም ሲዞር፣ ዝማሬያቸው ከሸክላው ውጭ ቀረ።

ይህን ስል ዲላንን በክፋት መክሰሴ አይደለም፤ እንግዶቹን በክብር የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ፣ ፎቶግራፉም የወዳጅነት ምልክት ነው። ነገር ግን ያው ወዳጅነት በሌላ ስፍራ የተሻለ ፍሬ እንዳፈራ ማሳየት እፈልጋለሁ። የዲላን አጃቢዎች የነበሩት የዘ ባንድ ሙዚቀኞች ይሠሩበት በነበረው፣ ቢግ ፒንክ ይባል በነበረው ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ጋርዝ ሃድሰን የተባለው ኦርጋን መቺ ባውሎቹ ሲዘምሩ ድምፃቸውን ቀረጸ፤ ቅጂውም ኋላ በስማቸው በሸክላ ታትሟል። በዚያ ቤት አስተናጋጁ መሣሪያውን አስቀምጦ ሰሚ ሆነ። ዓለም የሚያስታውሰው ግን የሽፋኑን ሥዕል ነው፤ የምድር ቤቱን ዝማሬ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግንኙነት የተደረገው ደግሞ በመከራ ምክንያት ነው። በኅዳር 1970 ታላቅ አውሎ ነፋስ የምሥራቅ ቤንጋልን ዳርቻ አጥፍቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ገደለ፤ በመጋቢት 1971 የፓኪስታን ጦር በሕዝቡ ላይ ዘምቶ፣ 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ ሕንድ ተሰደደ። ሲታር የተባለውን የሕንድ መሣሪያ የሚመታው ራቪ ሻንካር ከቤንጋላውያን ቤተ ሰብ የተወለደ ስለ ነበረ፣ የወገኖቹ ስደት እንቅልፍ ቢነሣው ወደ ወዳጁ ወደ እንግሊዛዊው ጊታር መቺ ወደ ጆርጅ ሃሪሰን ሄዶ እርዳታ ለመነ። ሃሪሰን ከዚያ በፊት በ1966 ወደ ሕንድ ወርዶ ከሻንካር ዘንድ ሲታር የተማረ፣ መሣሪያው ሙሉ ዕድሜ የሚጠይቅ መሆኑን ሲረዳም በትሕትና ወደ ጊታሩ የተመለሰ ሰው ነው። ሻንካር ራሱ በማይሃር ከተማ በታላቁ መምህር በአላውዲን ካን እግር ሥር ዓመታት አሳልፏል። ስለዚህ በ1 ነሐሴ 1971 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተደረገው ዝነኛ ዝግጅት፣ በጥቂት ሳምንታት ቢሰናዳም፣ ሥሩ በረጅም ደቀ መዝሙርነት ላይ የቆመ ነበር።

በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው 40,000 ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ሰማ። መድረኩን የከፈቱት ሕንዳውያኑ ናቸው፤ ሻንካር በሲታር፣ የመምህሩ ልጅ አሊ አክባር ካን በሳሮድ፣ አላ ራካ በታብላ፣ ካማላ ቻክራቫርቲም በታምቡራ፣ «ባንግላ ዱን» የተባለውን ከቤንጋል የባላገር ዜማ የተቀመረ ድርሰት አሰሙ። ሕዝቡ ገና መሣሪያዎቹ ሲቃኙ ድርሰቱ የተፈጸመ መስሎት አጨበጨበ፤ ሻንካርም በፈገግታ አመስግኖ ወደ ሥራው ገባ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ያወራዋል፤ እኔ ግን እንደ መልካም ነገር እቈጥረዋለሁ፤ ያ ሕዝብ ባያውቅም ለመስማት የመጣ፣ ለመቃኘቱ እንኳ ጆሮውን የሰጠ ሕዝብ ነበርና። ኋላም ዲላን ጊታሩንና ሃርሞኒካውን ይዞ ወጥቶ የአሜሪካን የባላገር ዘፈን ያሳደገበትን ድምፁን አሰማ። ልብ በሉ፤ ማንም ሲታሩን ከጊታሩ ጋር አልቀላቀለም። እያንዳንዱ በሥርዓቱ ዘምሮ ስፍራውን ለሌላው ለቀቀ፣ ሁለቱንም ያገናኛቸው ስለ አንድ ሕዝብ ማዘናቸው ነው። የድምፅ ውሕደት ሳይኖር የሙዚቃ ኅብረት ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ከመግቢያ ትኬቱ የተገኘው 243,418 ዶላር ለዩኒሴፍ ተሰጠ፤ ከሸክላውና ከፊልሙ የተገኘው ገንዘብ ግን አስቀድሞ በሕግ መንገድ ባለመዘጋጀቱ በግብር ክርክር ለዓመታት ታገደ። አሜሪካዊቷ የባላገር ዘፈን ዘፋኝ ጆአን ባኤዝም በዚያው ዓመት ስለ ባንግላዴሽ የራሷን ዘፈን ደርሳለች።

እንዲህ ስል የመሣሪያ መቀላቀልን የምጠላ እንዳልመስል፣ ወደ ሌላው ጽንፍ የሄዱትንም ላንሣ። ሃርሞኒየም በ19ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ የተፈለሰፈ መሣሪያ ሲሆን፣ ካልካታ ከደረሰ በኋላ ድዋርካናት ጎሽ የተባለ የመሣሪያ ሠሪ መሬት ላይ ተቀምጦ በእጅ እንዲነፋ አድርጎ አሻሻለው። የራጋ ሊቃውንት ግን ቁልፉ እያንዳንዱን ድምፅ ቈርጦ ስለሚያቆም፣ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ የሚሄደውን የአገሩን ዝማሬ ያበላሻል ብለው ነቀፉት፤ ታጎርም አይወደውም ነበር፤ የሕንድ ራዲዮም ከ1940 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል ከጣቢያው አገደው። የሊቃውንቱ ነቀፋ በሙዚቃ ሕግ ትክክል ነው፤ እገዳው ግን ስሕተት ነበር። ሕዝቡ በየቤቱ ልጆቹን መዝሙር ያስተማረበትን መሣሪያ ባዕድ ነው ብሎ በዐዋጅ መከልከል፣ ንጽሕናን ከመጠበቅ ይልቅ ሕዝቡን ከዜማው ማራቅ ነው።

ሆኖም ያ ነቀፋ ዛሬ ለጊታር መቺዎች ትልቅ ትምህርት አለው። የጊታር አንገት በብረት የተከፋፈለ ነው፤ ዶታራ የተባለው የባውሎች ባለ ክር መሣሪያ አንገት ግን ልሙጥ ስለ ሆነ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል። በባውል ዝማሬ ሥር ኮርድ፣ ማለት በአንድነት የሚመቱ ድምፆች፣ ሲደረደር፣ ኮርዱ ዝማሬውን ደስታ ወይም ኀዘን ብሎ አስቀድሞ ይፈርድበታል፣ ዘማሪው ምሥጢሩን ለማብራራት ሊያዘገየው የፈለገውንም ቃል በተወሰነ ጊዜ እንዲጨርስ ያስገድደዋል። ብዙ የውሕደት ቅጂዎች የሚታመሙት በዚህ በሽታ ነው፤ የምዕራቡ ሥርዓት ቤት ይሠራል፣ ቤንጋላዊው ድምፅ በመስኮቱ ላይ ይንጠለጠላል። መፍትሔው በአዋቂ እጅ ውስጥ አለ፤ ኤክታራ በአንድ ድምፅ ብቻ ዘማሪውን እንደሚሸከመው ሁሉ፣ ጊታር መቺውም ጥቂት ክር ነክቶ ጥቂት ኮርድ ትቶ ዘማሪውን መጠበቅ ይችላል። ፓባን ዳስ ባውልና እንግሊዛዊው ጊታር መቺ ሳም ሚልስ በ1997 ያወጡት «ሪል ሹገር» የተባለው ሥራ፣ በሁሉም ስፍራ ባይሆን እንኳ፣ በብዙው ይህን መታገሥ ያሳያል።

ቤንጋላውያን ራሳቸውም ጊታርን የገዛ አፋቸው አድርገውታል። «ሞሂነር ጎራጉሊ» የተባለው ማኅበር በ1975 ገደማ በካልካታ ተመሥርቶ የባውልን ዜማ ከምዕራቡ የባላገር ዘፈንና ከጃዝ ጋር ሲያዋሕድ በዘመኑ ሰሚ አላገኘም ነበር። ካቢር ሱማን ግን በ1992 ቅጂውን ሲያወጣ፣ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ከፒት ሲገርና ከዲላን የተማረውን በአንድ ጊታር ብቻ ታጅቦ ስለ ከተማ ኑሮ መዝፈንን ወስዶ፣ ቋንቋውንም ነገሩንም ፍጹም የካልካታ አደረገው፤ የማንን ፈለግ እንደ ተከተለም በግልጽ ተናገረ። ታጎር ከስኮትላንዶች እንደ ወሰደ ሱማንም ከአሜሪካኖች ወሰደ፤ በመካከላቸው የ110 ዓመት ርቀት ቢኖርም ጠባያቸው አንድ ነው።

አሁን ስለ ስም የምለውን ልበል። በባውል ዘፈን የመጨረሻ አንጓ ውስጥ ደራሲው ስሙን ያስገባል፤ ላሎን እንዲህ ይላል፣ እገሌ እንዲህ ይማጸናል እያለ። ይህ ልማድ ማንበብና መጻፍ ለማያውቅ ደራሲ የማይፋቅ ፊርማ ነው፤ ዝማሬው ከአፍ ወደ አፍ መቶ ዓመት ቢጓዝም ባለቤቱ አብሮት ይጓዛል። በዘመናዊ ቅጂ ግን ዘፈኑ በራዲዮ እንዲስማማ ማሳጠር ሲያስፈልግ፣ መጀመሪያ የሚቈረጠው ያው የመጨረሻው አንጓ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ፊርማው አብሮ ይቈረጣል፣ በሽፋኑም ላይ «የሕዝብ ዘፈን» ተብሎ ይጻፋል፣ የዜማው ገቢም አቀናብሬዋለሁ ወዳለው ይሄዳል። ሕጉ የጻፈውን ስለሚያውቅና የዘመረውን ስለማያውቅ፣ ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ወንጀል ይፈጸማል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያሳትሙ ሰዎች የመጨረሻውን አንጓ ሳይቈርጡ እንዲያስዘምሩ፣ የደራሲው ስም በዝማሬው ውስጥ ካለ በሽፋኑም ላይ እንዲጽፉት፣ ከሌለም ዘማሪው ከየትኛው መምህር እንደ ተማረው እንዲገልጹ፣ የቤንጋሊውን ቃል ከነትርጉሙ እንዲያትሙ፣ የገቢውንም ድርሻ ከቀረጻው በፊት በውል እንዲወስኑ እጠይቃለሁ። የራዲዮ ጣቢያ አሰናጆችም፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ እንዲህ ያለውን ዘፈን ሲያስተዋውቁ የጊታር መቺውን ስም ጠርተው ከማቆማቸው በፊት ዘማሪውንና መምህሩን ይጥሩ።